ጥያቄና መልስ፦ የጤና ጣቢያ መዝገብ ኢንፍሉዌንዛን ምን ያህል ይይዛል?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የጤና መረጃ ባለሙያ ነኝ። ክረምት ሲገባ የተመላላሽ ሕክምና ክፍላችን ደጃፍ በሚያስሉ ሰዎች ይሞላል፤ በወርኃዊው ሪፖርት ላይ ግን ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ረድፍ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ታዲያ መዝገባችን ይታመናል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ያነሡት ጉዳይ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው፣ ኢንፍሉዌንዛ ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ቫይረሱ በእርግጥ የነበረባቸው ስንቶቹ ናቸው የሚለው ነው፤ ሁለተኛው፣ ቫይረሱ ከነበረባቸው ሰዎች መዝገቡ ስንቶቹን ያዘ የሚለው ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ በአንድ ወር 100 ሰዎች በኢንፍሉዌንዛ ቢታመሙ፣ መዝገቡ 12 ሰዎችን በዚህ ስም ቢጽፍና ከእነዚህ 11ዱ ትክክል ቢሆኑ፣ መዝገቡ በመጀመሪያው መለኪያ የሚመሰገን፣ በሁለተኛው ግን 89 ሕሙማንን ያመለጠው ነው። በሌሎች አገሮች የሆስፒታል መዝገቦች ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ሲመሳከሩ በአመዛኙ የሚታየው ይኸው ነው፦ የተጻፈው እምብዛም አይሳሳትም፣ ያልተጻፈው ግን ብዙ ነው። ያም ቢሆን ማመሳከር የሚቻለው በተመረመሩት ሰዎች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ናሙና ያልሰጠው ሕመምተኛ ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።

በእናንተ ዘንድ የሚሆነውን እንመልከት። ትኩሳትና ሳል ያላት ሴት ከጃቢ ጠህናን ቆላማ ቀበሌ ብትመጣ፣ ባለሙያው በቅድሚያ የሚያስበው ወባን ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ደሟ ታይቶ ወባ ከተገኘ፣ ኢንፍሉዌንዛም አብሮ ሊኖር እንደሚችል የሚያስታውስ አይኖርም። ካልተገኘም «የላይኛው የመተንፈሻ አካል አጣዳፊ ኢንፌክሽን» ተብሎ ይጻፍና መድኃኒቷን ይዛ ትሄዳለች። በእኔ አስተያየት ይህ አጻጻፍ ስሕተት አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛን ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች በምልክት ብቻ መለየት ስለማይቻል፣ ባለሙያው የጻፈው የሚያውቀውን ያህል ነው።

ናሙና በተወሰደበት ጊዜም ቢሆን ችግሩ አያልቅም። የፒሲአር (የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ከሌላ ከተማ ሲመጣ ታካሚዋ ከወጣች፣ የመዝገቡም ገጽ ከተገለበጠ ሰንብቷል። የላቦራቶሪው መዝገብ ስሟን በላቲን ፊደል፣ ካርዷ በአማርኛ፣ ዕድሜዋን ደግሞ አንዱ 30 ሌላው 35 ብለው ከያዙት፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የካርድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በተጨማሪም ናሙናው ሕመሙ ከጀመረ ብዙ ቀን ቆይቶ ከተወሰደ ቫይረሱ ከአፍንጫና ከጉሮሮ እየጠፋ ስለሚሄድ፣ «የለም» የሚለው ውጤት ራሱ ሊያሳስት ይችላል።

የወቅቱም ጉዳይ አለ። ወረርሽኝ ሲበረታ በምልክት ብቻ የተሰጠ ግምት ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል፤ ቫይረሱ በማይዘዋወርበት ወር ግን ያው ግምት በአብዛኛው ይስታል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሲመታ የሚመረምር ላቦራቶሪ አልነበረም (የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ነው)፤ ሆኖም በሽታው ኢንፍሉዌንዛ እንደነበር ዛሬ የሚከራከር የለም።

ስለዚህ ባዶውን ረድፍ «ኢንፍሉዌንዛ የለም» ብላችሁ አታንብቡት። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች አመዳደብ 10ኛ ክለሳ ጄ 10 ቫይረሱ ለተለየበት፣ ጄ 11 ላልተለየበት ሕመም የተሰጡ ናቸውና ሁለቱን አትደባልቁ፤ የካርድ ቁጥሩን በናሙናው ቅጽ ላይ ጻፉ፤ ዘግይቶ የመጣውን ውጤትም ታካሚው በታየበት ቀን ረድፍ ላይ አስገቡ። ከዚህ ጎን ለጎን፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳትና ሳል ያለባቸውን፣ ሕመማቸው ከጀመረ 10 ቀን ያልሞላቸውን ታካሚዎች በየሳምንቱ ብትቆጥሩ፣ የበሽታውን መውጣትና መውረድ ከተረጋገጡት ጥቂት ቁጥሮች በተሻለ ታዩበታላችሁ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ካርድ ላይ ኢንፍሉዌንዛ ተብሎ ተጽፏል፤ ናሙና ግን አልተወሰደም። ይሰረዝ? (ከቢቸና)

መልስ፦ አይሰረዝም፤ «በምልክት የተገመተ» የሚል ቃል እንዲታከልበት ሐኪሙን ይጠይቁ። አባትዎ በዕድሜ የገፉ ከሆኑና ትንፋሽ ካጠራቸው ግን የካርዱን ነገር ተዉትና ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕክምናው የላቦራቶሪ ውጤት አይጠብቅም።