ሪፖርቱን የፈረሙት ሐኪም ማን ናቸው?

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው አራት ደብዳቤዎች በአንድ ሙያ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። መልስ የሚሰጡት የዓምዱ ራዲዮሎጂስት ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሆድ ሲቲ ስካን ተነሥታ ውጤቱን ስንቀበል ሁለት ገጽ ሪፖርት ተሰጠን። ከሥሩ የፈረሙትን ሐኪም አናውቃቸውም፤ ማሽኑ ላይ ያስተኛት ወጣትም ሌላ ሰው ነው። ሕክምናዋን የሚከታተሉት ሐኪም ግን «በዚህ ሪፖርት ተመርኩዘን እንወስናለን» ብለውናል። ፊቷን እንኳ ያላዩ ሰው ስለ እሷ ይህን ያህል የሚታመኑት በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ነገሩን ለማጥራት በመጀመሪያ ሦስቱን ሰዎች መለየት ያስፈልጋል። ባለቤትዎን ያስተኛቸው ወጣት የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ሲሆን፣ ምስሉን በትክክለኛው አቀማመጥና በተመጠነ ጨረር የማንሣት ኃላፊነት የእሱ ነው። ሪፖርቱን የፈረሙት ራዲዮሎጂስት ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ማንኛውም ሐኪም ሕክምና ተምረው ከተመረቁ በኋላ የሕክምና ምስል በማንበብ የሠለጠኑ ስፔሻሊስት ናቸው። ሦስተኛው ሕክምናውን የሚከታተሉት ሐኪም ናቸው፤ ራዲዮሎጂስቱን የሚያማክሩትም፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ከእናንተ ጋር ሆነው የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው።

የሥልጠናው ርዝመት ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ አንድ ሐኪም ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት በልዩ ልዩ ክፍሎች ይሠራል፤ ከዚያም በክሊኒካል ራዲዮሎጂ አምስት ዓመት ይሠለጥናል፤ በምስል እየተመራ ሕክምና የሚሰጥበትን ዘርፍ ከመረጠ ደግሞ ስድስት ዓመት ይሆናል። በአሜሪካ ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ የአንድ ዓመት ኢንተርንሽፕና የአራት ዓመት ሬዚደንሲ አለ፤ አብዛኞቹም በአንድ ጠባብ ዘርፍ ተጨማሪ አንድ ዓመት በፌሎውሺፕ ያሳልፋሉ። የብሪታንያው ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ራዲዮሎጂስትስ ሠልጣኞቹን ገና ከመነሻው የሚፈትናቸው በፊዚክስና በሰውነት አወቃቀር ነው፤ ብዙ ወጣት ሐኪሞችም በፊዚክሱ ይማረራሉ።

ፊዚክስ ያስፈለገበትን ምክንያት የባለቤትዎ ሲቲ ስካን ያሳያል። በምስሉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ፣ ያ የሰውነት ክፍል ጨረሩን ምን ያህል እንዳዳከመው የሚገልጽ ቁጥር ነው። ውኃ ዜሮ ሲሆን አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ አጥንት ወደ ላይ ብዙ መቶዎች ይደርሳል፤ መለኪያውም ሲቲ ስካንን በፈለሰፉት እንግሊዛዊ መሐንዲስ በጎድፍሪ ሃውንስፊልድ ስም ይጠራል። ዓይናችን ይህን ሁሉ ልዩነት በአንድ ጊዜ በግራጫ ቀለም መለየት ስለማይችል፣ ራዲዮሎጂስቱ ያንኑ ምስል ለጉበት በሚመች፣ ከዚያም ለሳንባ፣ ከዚያም ለአጥንት በሚመች ንጽጽር እየቀያየሩ በመቶዎች የሚቆጠሩትን ቁርጥራጮች ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ደጋግመው ያያሉ። በጉበት ላይ የታየች አንዲት ጥቁር ነጥብ ቁጥሯ ወደ ዜሮ ከቀረበ ውኃ የቋጠረች ምንም የማትጎዳ ከረጢት መሆኗ ሊገመት ይችላል፤ ቁጥሯ ከዚያ ከፍ ካለ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል።

«ፊቷን ያላዩ» ያሉት እውነት ነው። ራዲዮሎጂስቱ ባለቤትዎን የሚያውቋቸው በምርመራ ማዘዣው ወረቀት ብቻ ነው፤ በብዙ ማዘዣዎች ላይ ደግሞ «የሆድ ሕመም» ከሚል በቀር ምንም አይጻፍም። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረና የትኛው ጎን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎ እንደሆነ ማዘዣው ላይ እንዲሠፍር ሐኪምዎን ቢጠይቁ፣ የቀድሞ ምስሎች ካሉም ይዘው ቢሄዱ፣ ንባቡን ከሚገምቱት በላይ ያሻሽሉታል።

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ራዲዮሎጂን ለመምረጥ አስባለሁ። ጓደኞቼ ግን «ጨለማ ክፍል ተቀምጦ የማሽን አገልጋይ መሆን ነው፤ እሱንም በቅርቡ ኮምፒውተር ይወስደዋል» ይሉኛል። በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆኑት ሰዎች በምን ነው የላቁት?

መልስ፦ ውድ ተማሪ፣ ጓደኞችሽ ማሽኑን ከሙያው ጋር ያምታቱት ይመስለኛል። የማሽኖቹ ፈልሳፊዎች በአብዛኛው ሐኪሞች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ኤክስሬይን ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገን የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ በ1979 በሲቲ ስካን ምክንያት ኖቤል የተሸለሙት ሃውንስፊልድ መሐንዲስ፣ አብረዋቸው የተሸለሙት አለን ኮርማክ ደግሞ ፊዚሲስት ነበሩ። ይሁንና የሃውንስፊልድ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ የበሽተኛ አንጎል ሲያነሣ፣ አጠገቡ ጄምስ አምብሮስ የተባሉ ራዲዮሎጂስት ነበሩ። ጥያቄውን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ በፊት ለፊተኛው የአንጎል ክፍል ዕጢ እንዳለባት የተጠረጠረችው ሴት ምስል ምን እንደሚያሳይ መፍረድም የእሳቸው ድርሻ ነበር።

ሌላ ምሳሌ ልጨምርልሽ። በኒውዮርክ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ጆን ካፊ ወደ ራዲዮሎጂ ገብተው የሕፃናት ራዲዮሎጂን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1946 በአንጎላቸው ሽፋን ሥር ደም የፈሰሰባቸውን ስድስት ሕፃናት የሚመለከት ጽሑፍ አወጡ፤ የእነዚሁ ሕፃናት የእጅና የእግር ረጃጅም አጥንቶች ተሰብረው ነበር፣ ለስብራቱ ግን በቂ ምክንያት የሚሰጥ ታሪክ አልተገኘም። እያንዳንዱን ስብራት ሌሎች ሐኪሞችም ሊያዩት ይችሉ ነበር፤ የአንጎሉንና የአጥንቱን ጉዳት አንድ ላይ አስቀምጦ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ችሎታ ነው። በ1962 በሕፃናት ላይ የሚደርስ ድብደባ እንደ ሕክምና ጉዳይ በይፋ ሲገለጥ፣ ከጽሑፉ አዘጋጆች አንዱ የካፊ ተማሪ የነበሩት ራዲዮሎጂስት ፍሬደሪክ ሲልቨርማን ነበሩ።

«ተቀምጦ» የሚለውንም አሜሪካዊው ራዲዮሎጂስት ቻርልስ ዶተር ያፈርሱታል። እሳቸው የተጠቀሙበት ዘዴ መነሻው ስዊድናዊው ራዲዮሎጂስት ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር በ1953 ያሳተሙት ቀላል ብልሃት ነው፤ ደም ቅዳውን በመርፌ ወግቶ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ማሳለፍ፣ መርፌውን አውጥቶ በሽቦው ላይ ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ማንሸራተት፣ በመጨረሻም ሽቦውን መሳብ ነው። ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። በጥር 1964 የአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ሐኪሞች የአንዲት የ82 ዓመት አረጋዊት እግር በጋንግሪን ምክንያት እንዲቆረጥ ሲወስኑ፣ አረጋዊቷ አሻፈረኝ አሉ። ዶተር በአረጋዊቷ የጭን ደም ቅዳ ውስጥ የጠበበውን ቦታ ውፍረታቸው እየጨመረ በሚሄድ ካቴተሮች አሰፉት፤ እግራቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳይቆረጥ ቀረ። ዛሬ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ የሚባለው፣ በምስል እየተመራ ሕክምና የሚሰጥበት ዘርፍ ከዚያ ክፍል የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህን ሰዎች ያላቃቸው የዓይናቸው ስለት ብቻ አይመስለኝም። በእኔ ግምት ዋናው ነገር ሪፖርቱን ፈርመው ወደ ሚቀጥለው በሽተኛ ከተሻገሩ በኋላ፣ ያ ሰው ምን እንደደረሰበት ተመልሰው መጠየቃቸው ነው። ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ ሐኪም በካፖርታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር ይይዙ ነበር። ያጠራጠራቸውን የእያንዳንዱን በሽተኛ የካርድ ቁጥርና የገመቱትን በሽታ በአንድ መስመር ጽፈው፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይወርዱና ከባዮፕሲው፣ ማለትም ከበሽተኛው ተወስዶ ከተመረመረው የሥጋ ናሙና ውጤት ጋር ያመሳክሩታል። የተሳሳቱባቸውን በቀይ ያሰምሩባቸዋል። ሠላሳ ዓመት ከሠሩ በኋላም ቀዩ መስመር አልጠፋም ነበር፤ ለእኛ ለሠልጣኞች የሚያስተምሩት ግን ከቀዮቹ ገጾች ብቻ ነበር።

ስሕተቱ የሰነፎች ብቻ አለመሆኑን በ1940ዎቹ መጨረሻ ሄንሪ ጋርላንድ የተባሉ ራዲዮሎጂስት በድፍረት አሳይተዋል። በሥራ ባልደረቦቻቸው ላይ ባደረጉት ማጣራት፣ በሽታ ካለባቸው የደረት ራጆች ውስጥ ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት ልምድ ባላቸው አንባቢዎች ሳይቀር ይታለፉ ነበር። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 24 ራዲዮሎጂስቶች በሳንባ ሲቲ ላይ ዕባጭ እንዲፈልጉ አድርጎ፣ በምስሉ ውስጥ ከአማካዩ ዕባጭ 48 ጊዜ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ደበቀባቸው፤ ሃያዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ ካላዩት ውስጥ አብዛኞቹ ቀጥታ ተመልክተውት ነበር። እኔም በሥልጠናዬ ዘመን የተቆጣ ትርፍ አንጀት አግኝቼ በደስታ ስፈርም፣ በዚያው ሲቲ የላይኛው ጠርዝ ላይ በሳንባው ግርጌ የነበረውን ዕባጭ አልፌዋለሁ። አንዱን ማግኘት ሁለተኛውን ፍለጋ ያቆማል። በዚህ ምክንያት ብርቱ አንባቢዎች የተፈለገው በሽታ ከተገኘ በኋላም ሳይዘሉ የሚዞሩት ቋሚ መንገድ አላቸው፤ በደረት ራጅ ላይ የሳንባውን ጫፎች፣ ከልብ ጀርባ ያለውን፣ ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም በታች የተደበቀውን፣ በመጨረሻም አጥንቶቹን ያያሉ።

አንድ ነገር ብቻ ላሳይሽና ትምህርቱ ምን እንደሚመስል ራስሽ ፍረጂ። በደረት ራጅ ላይ የልብ ጠርዝ የሚታየው ከጎኑ በአየር የተሞላ ሳንባ ስላለ ነው። የሳምባ ምች ልብን የሚነካውን የቀኝ መካከለኛ የሳንባ ክፍል ከሞላው፣ ሁለቱ ጥግግታቸው ስለሚመሳሰል የልቡ የቀኝ ጠርዝ ይጠፋል። የሳምባ ምች የያዘው የታችኛውን የኋላ ክፍል ከሆነ ግን የልቡ ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሚጠፋው የድያፍራሙ መስመር ነው። ይህን ምልክት ያስፋፉት አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፌልሰን ናቸው። አንዲት መስመር በመጥፋቷ ብቻ በሽታው ከፊት ይሁን ከኋላ መለየት ይቻላል ማለት ነው።

ስለ ኮምፒውተሩም በአጭሩ ልመልስልሽ። ከሰው ሠራሽ አስተውሎት አባቶች አንዱ የሆኑት ጄፍሪ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2016 ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን መቆም እንዳለበትና ኮምፒውተር በአምስት ዓመት ውስጥ እንደሚበልጣቸው ተናግረው ነበር። ዛሬም ብዙ አገሮች የራዲዮሎጂስት እጥረት አለባቸው። ፕሮግራሞቹ አጣዳፊ ምስሎችን ከወረፋው በማስቀደም፣ ትንንሽ ዕባጮችን በመጠቆም ይረዱናል፤ እንደሚሻሻሉም አልጠራጠርም። ለእኔ የሚታየኝ ሥራው እንደሚለወጥ እንጂ እንደሚጠፋ አይደለም፤ ስለዚህ ምርጫሽን በዚህ ፍርሃት ላይ አትመሥርቺ።

ጥያቄ፦ ራዲዮሎጂስቶች በጨረር ምክንያት ዕድሜያቸው ያጥራል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ብዙ ተጎድተዋል። ማሽኑን በራሳቸው እጅ ይፈትኑት ስለነበር ጣታቸውን፣ ቀጥሎም ሕይወታቸውን ያጡ አሉ፤ በ1936 በጀርመን ሐምቡርግ የቆመው መታሰቢያ ሐውልት ሲመረቅ የ169 ሰዎች ስም ተቀርጾበት ነበር። አሁን ግን በዓለም አቀፍ ምክር መሠረት አንድ ሠራተኛ የሚቀበለው ጨረር በአምስት ዓመት አማካይ ከ20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በዓመት እንዳይበልጥ ይለካል። ምስል በስክሪን የሚያነብ ሐኪም በተቀመጠበት ክፍል ጨረር የለም፤ አልትራሳውንድና ኤምአርአይም ኤክስሬይ አይጠቀሙም። ጥንቃቄው የሚበረታው በጨረር እየታገዙ ካቴተር የሚያስገቡት ላይ ስለሆነ፣ እነሱ የእርሳስ ሽርጥ ይለብሳሉ።

ጥያቄ፦ ለእናቴ የጡት ምርመራ ሁለተኛ አስተያየት እፈልጋለሁ። የታዋቂ ስፔሻሊስቶችን መግለጫ ሳነብ ከስማቸው ኋላ የተደረደሩት ፊደሎችና የጥናቶቻቸው ብዛት ግራ አጋባኝ። በምን ልምረጥ? የእናቴ ሪፖርት «ባይራድስ 0» ስለሚል ብዙም ሥጋት የለብኝም።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባይራድስ የጡት ምስል ውጤት በቁጥር የሚመደብበት አከፋፈል ነው፤ በእሱም 0 ማለት «አደጋ የለም» ማለት አይደለም፤ ምርመራው አልተሟላም፣ ተጨማሪ ምስል ወይም የቀድሞ ምስሎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ምንም ያልታየበት 1 ነው፤ ጉዳት የሌለው ነገር የታየበት 2 ነው፤ 4 እና 5 አብዛኛውን ጊዜ ባዮፕሲ ያስከትላሉ፤ 6 ካንሰርነቱ አስቀድሞ በባዮፕሲ ለተረጋገጠ ነው። ስለዚህ የሁለተኛውን አስተያየት ፍለጋ ሳይጠብቁ የጎደለውን ምርመራ ያስጨርሱ።

ስለ ፊደሎቹ፦ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የብሪታንያው ኤፍአርሲአር፣ ከባድ ፈተና ማለፍን ያመለክታሉ፤ ሌሎቹ የማኅበር አባልነት ብቻ ናቸው። የጥናት ብዛት ተመራማሪነትን ይመሰክራል፤ በየቀኑ ጥሩ አንባቢ ለመሆን ግን በራሱ ዋስትና አይሆንም። እኔ ብሆን በመጀመሪያ የማየው ንዑስ ዘርፋቸውን ነው። የአንጎል ምስል የሚያነቡ ስመ ጥር ሐኪም ለእናትዎ ማሞግራም (የጡት ራጅ) የተሻሉ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የጡት ምስል የሚያነቡ፣ ባዮፕሲውንም ራሳቸው የሚወስዱ ሐኪም ይፈልጉ። ቀጥሎ ከቀዶ ሐኪሙ፣ ከፓቶሎጂስቱና ከካንሰር ሐኪሙ ጋር በየሳምንቱ በሚደረገው የጋራ ስብሰባ ላይ ይቀመጡ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ያነበቡት ምስል ትክክል ሆኖ መገኘቱን የሚያውቁት እዚያ ነው።

ሲልኩላቸውም የሪፖርቱን ወረቀት ወይም ፊልሙን በስልክ ያነሡትን ፎቶ አይላኩ። ምርመራው ከተደረገበት ቦታ ሙሉውን ምስል በሲዲ ይጠይቁ፤ የዛሬ ሁለትና ሦስት ዓመት የተነሡት ማሞግራሞች ካሉም ይጨምሩበት። ለብቻዋ ስትታይ የምታጠራጥር ጥላ ከሦስት ዓመት በፊትም በዚያው መጠን እዚያው ከነበረች፣ የሚሰጠው አስተያየት ሊለወጥ ይችላል።