«ሥራ አላገኘሁም፤ ስእለቴስ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ባለፈው ዓመት ሐምሌ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ግቢ ጉባኤ ሳለሁ ጾሙም ጸሎቱም ደስ ይለኝ ነበር። ስመረቅ «ሥራ ካገኘሁ በመጀመሪያ ደመወዜ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ይኸው ዓመት ሞላኝ፤ ምንም የለም። ማስታወቂያው ሁሉ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ጎረቤት «ሥራ ያዝሽ ወይ?» ሲለኝ ከቤት መውጣት አስጠላኝ። ልጸልይ ስቆም ቃል አይወጣኝም። በኃጢአቴ ይሆን? አሁን ሰፈራችን ያለ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ካሸር ሁኚ ብለውኛል፤ እስከ ሰኞ መልስ ይጠብቃሉ። ግን 4 ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው? የገብርኤል በዓል፣ ሐምሌ 19ም እየደረሰ ነው፤ ባዶ እጄን መሄድ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ከኃጢአቱ ልጀምር፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ማን በደለ?» ብለው ጌታን ጠይቀውታል። እሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነገራቸው። ሥራ ማጣት ሁሉ ቅጣት አይደለም። ካንቺ ጋር የተመረቁት ስንቶቹ ቤት ቁጭ ብለዋል? ሁላቸውም ካንቺ ይብሱ ኖሯል? ንስሐ ግቢ፣ ግን ሥራ ለማግኘት ብለሽ ሳይሆን ንስሐ መግባት ስላለብሽ።

በምረቃ መጽሔቶቻችሁ ላይ ከፎቶው ሥር የምትጽፉት አንድ ጥቅስ አለ። ኤርምያስ 29፥11፣ ስለ ፍጻሜና ተስፋ የሚናገረው። ደስ የሚል ቃል ነው። ነገር ግን ከፍ ብላችሁ ቁጥር 10ን ብታነቡ እወዳለሁ። ጥቅሱ ያለበትን ደብዳቤ ነቢዩ ኤርምያስ የጻፈው ናቡከደነፆር ማርኮ ወደ ባቢሎን ለወሰዳቸው ሰዎች ነው። የምትመለሱት 70 ዓመት ሲፈጸም ነው ይላቸዋል። ሐናንያ የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ ግን በኢየሩሳሌም በሕዝቡ ፊት «በሁለት ዓመት ያልቃል» ብሎ ነበር። ሰው ደግሞ የሚወደው የሐናንያን ዓይነት ቃል ነው። ዛሬም «በዚህ ወር በርሽ ይከፈታል» የሚል አይጠፋም። እኔ እንዲህ ብዬ ቀን አልቆርጥልሽም፤ አላውቀውምና።

ኤርምያስ ታዲያ ለምርኮኞቹ ምን እንዲያደርጉ ጻፈላቸው? ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡበት። አትክልት ተክሉ፣ ፍሬውን ብሉ። ስላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ከተማይቱ እኮ የጠላት ከተማ ናት! ተስፋው እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ አላላቸውም። ያቺን የማይወዷትን ቀን እንዲኖሩባት ነገራቸው።

ዮሴፍን አስቢው። ወንድሞቹ ጋር በግ ሲጠብቅ 17 ዓመቱ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። መሐሉ ባርነትና ግዞት ነው። ሕልም ላየ ልጅ ግዞት ቤት ውስጥ እስረኛ ማገልገል ከደረጃው በታች ነው። እሱ ግን ሠራው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ጠዋት ነው። አብረውት የታሰሩት የፈርዖን ጠጅ አሳላፊና እንጀራ አበዛ ፊታቸው ጠቁሮ አያቸውና «ዛሬ ምን ሆናችሁ?» አለ፤ ሕልማቸውን ነገሩትና ፈታላቸው። የራሱ ኀዘን ዓይኑን አልጋረደውም። ከዚያ ግዞት የወጣው በዚያች ጥያቄ በኩል ነው፤ እሱም ወዲያው አይደለም፣ አሳላፊው ረስቶት ሌላ ሁለት ዓመት ቆይቷል።

እኔም ቆሎ ተማሪ ሳለሁ አኩፋዳ ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ በየደጁ ለምኛለሁ። የአገሬ ልጆች ነግደው ቤት ሲሠሩ እኔ ገና ቅኔ እቆጥር ነበር። ያፈርኩባቸው ቀኖች አሉ። ስለዚህ የጎረቤት ጥያቄ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ። «እየፈለግሁ ነው፣ ጸልዩልኝ» በያቸውና እለፊ። ከልባቸው የሚጸልዩልሽ እናቶች ታገኛለሽ።

ስለ ጸሎት፦ ቃል ካልወጣሽ የራስሽን ቃል አትፈልጊ። መዝሙረ ዳዊት 12ን ክፈቺ። «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጸሎት አድርጋ ሰጥታናለች፤ እንዲህ ማለት ክህደት አይደለም። እሱን በይና አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ። ለጊዜው ይበቃል።

አሁን ስእለቱ። የተሳልሽው «ካገኘሁ» ብለሽ ነው። ገና ስላላገኘሽ ዕዳ የለብሽም። መክብብ ስእለትህን ለመክፈል አትዘግይ የሚለው ላገኘ ሰው ነው። ቁልቢ መሄጃ ብር ከሌለሽ ሐምሌ 19 ሰፈርሽ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ አስቀድሺ። ባዶ እጅ አያሳፍርም፤ መልአኩ ጥላ አይቶ አይደለም የሚራዳን።

ደግሞ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «በመጀመሪያ ደመወዜ» ነው ያልሽው። የባንክ ደመወዝ፣ የድርጅት ደመወዝ አላልሽም። የካሸርነቱም ደመወዝ ደመወዝ ነው። ሒሳብ ተምረሽ የሰውን ገንዘብ በታማኝነት መቁጠር ከሙያሽ የራቀ አይደለም፤ ማስታወቂያው የሚጠይቅሽንም ልምድ ከአንድ ቦታ መጀመር አለብሽ። ማመልከቻሽን ማስገባት አታቁሚ። ደመወዙን ስትቀበዪ ቤት ውስጥ ችግር ካለ፣ ጥላውን መቼ እንደምታስገቢ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ።

መልስ የሚጠብቁት እስከ ሰኞ ነው ብለሻል። ዛሬ ደውዪላቸው።