ፍሪዘር ከመግዛትህ በፊት ወንዙ ዳር ያለችውን ሰዓት አስተካክል

ወንድሜ ጥያቄህን አነበብኩት። ከጀማ ወንዝ የምታወጡት አሳ ዓለም ከተማ እስኪደርስ ይሸታል፣ ሆቴሎቹ እየመለሱባችሁ ነው፣ ተበድረን ፍሪዘር ብንገዛ ይሻላል ወይ ነው ያልከው። አይሻልም። እኔ በዚሁ በጀማ አሳ እጄን ተቃጥያለሁና ሳትበደር ስማኝ።

እኛም አምስት ሆነን ስንጀምር ችግሩ ፍሪዘር ነው ብለን ነበር። አንድ ቢሮ ያግዛችኋል ተባለና አራት ወር ተመላለስን። ዛሬ ስብሰባ ነው፣ ነገ ፈራሚው የለም። አንዱ ሰውዬ ጭራሽ ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ገበሬ ስለ አሳ ምን ያውቃል፣ ማሽላችሁን አትዘሩም?" አለን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ከየቤታችን አዋጥተን ገዛነው። የመጀመሪያ ቀን 60 ኪሎ ገደማ አስገባን። አውጥተን ስናቀልጠው ያው ሽታ! ሥጋው በጣት ሲነካ እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው።

ነገሩ የገባን ከዚያ በኋላ ነው። ፍሪዘር አሳውን ባገኘበት ያቆመዋል እንጂ ወደ ኋላ አይመልሰውም። የእኛ አሳ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከመረብ ወጥቶ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቆ፣ ድልድዩ ጋ አይሱዙ ሲጠብቅ እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። የዚያን ሸለቆ ሙቀት ታውቀዋለህ።

መንገዱን ያሳዩን አንድ ጎረቤታችን ናቸው፤ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ጋሼ። ባሕር ላይ አሳ አጥማጆቹ አሳው ጀልባው ላይ እንደወጣ ደሙን አፍስሰው፣ በባሕሩ ውሃ አጥበው በረዶ ውስጥ ሲከቱት አይተዋል። "ወደብ ስንደርስ እናስተካክለዋለን የሚል የለም" አሉን። እንግዲህ እንዲህ አድርግ፦

1. አሳው ሲንፈራገጥ ቆመህ አትየው። ሲታገል የቆየ አሳ ጉልበቱን ጨርሶ ከሞተ በኋላ ቶሎ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ሥጋውም ይጎዳል። አናቱን አንዴ በዱላ ምታና ወዲያው ስንጥቡን፣ ያንን ከጆሮው ሥር ያለውን ቀይ ማበጠሪያ የመሰለ ነገር፣ ቁረጠው። ደሙ አሟጦ የሚወጣው ልቡ እየመታ ሳለ ነው። ቆይተህ ብትቆርጠው ሥጋው ውስጥ ይቀራል።

2. ሆድ ዕቃውን እዚያው አውጣ፣ ሐሞቱን እንዳታፈርጠው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ እኛም እናቆም ነበር። ጋሼ ግን የተከፈተውን አሳ ተቀብለውን የሻይ ማንኪያ አመጡ። ከውስጥ አከርካሪውን የሸፈነውን ስስ ቆዳ ሰነጠቁና ማንኪያውን ከራስ ወደ ጭራ ጎተት አደረጉት። የረጋ ደም የመሰለ ጥቁር ነገር፣ የአሳው ኩላሊት፣ ተፍቆ ወጣ። "ይኸው ሽታችሁ" አሉን። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኪያ ሳልይዝ ወንዝ ወርጄ አላውቅም። ጀማ በክረምት ሲደፈርስ ደግሞ ማጠቢያ ውሃ በጀሪካን ይዘህ ውረድ።

3. በረዶ። እዚህ ላይ ነው ፍሪዘራችን የካሰን። አሁን በረዶ እንጂ አሳ አይገባበትም! ማታ ሃይላንዶችን በውሃ ሞልተን እናስገባለን። ጠዋት በፎም ካርቶን ይዘን እንወርዳለን፣ ወንዙ ዳር ፕላስቲኩን ቀድደን በረዶውን በመዶሻ እንሰብረዋለን። ሙሉውን ጠርሙስ አሳው ላይ ብታስቀምጥ የሚነካው በአንድ ጎን ብቻ ነው። የተሰበረው ግን በየቦታው ይገባል። አንድ ረድፍ በረዶ፣ አንድ ረድፍ አሳ፣ ሆዱን ወደ ታች፣ የተረፈውን በረዶ ሆዱ ውስጥ። ለ1 ኪሎ አሳ 1 ኪሎ በረዶ አትሰስት። ካርቶኑን ከሥር ብሳው፣ የቀለጠው ውሃ ደሙን ይዞ ይውረድ። 10 ዲግሪ ላይ ያለ አሳ 0 ዲግሪ ላይ ካለው 4 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይበላሻል፣ ስለዚህ "ቀዝቀዝ ብሏል" ብለህ አትዘናጋ። ስለዚህ አንተ ለፍሪዘር አትበደር። ፍሪዘር ያለው ሱቅ ፈልግና በወር የሆነ ብር ከፍለህ ጠርሙስህን አስቀምጥ።

አሳው እንደ እንጨት ደርቆ ሳለ ፊሌቶ አታውጣ፣ እያጣጠፍክም አትጠቅጥቀው፣ ሥጋው ይሰነጣጠቃል። እስኪላላ በረዶው ውስጥ ይቆይ። አምባዛ ብቻ ለየት ይላል። ከውሃ ውጭም አየር ስለሚስብ በእርጥብ ጆንያ ጥላ ሥር ይዘኸው ከነሕይወቱ ገበያ ይደርሳል። የሚያስቸግርህ ነጩ አሳ ነው።

ያቺ ሦስት ጊዜ የመለሰችን ባለ ሆቴል ዛሬ ረቡዕና ዓርብ ሳይደርስ ቀድማ ደውላ ታዛለች። ካርቶኑን ስትከፍት መጀመሪያ ዓይኑን ነው የምታየው፣ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ እንደሆነ ሳትደራደር ትከፍላለች። አንተም በመጀመሪያው ቀን 10 አሳ ብቻ እንዲህ አዘጋጅተህ ውሰድና የሚሉህን እዚሁ ጻፍልኝ።