መሄጃው 10፣ መመለሻው 20 ሰዓት?

ጥያቄ፦ እናቴ ሐምሌ ላይ እህቴን ለመጠየቅ ዋሽንግተን ትሄዳለች። ትኬቷ ላይ ከቦሌ 22:30 ተነስታ በማግስቱ 08:30 እንደምትደርስ፣ ስትመለስ ደግሞ 11:00 ተነስታ በማግስቱ 07:00 ቦሌ እንደምትገባ ተጽፏል። መሄጃው 10፣ መመለሻው 20 ሰዓት እንዴት ይሆናል? ጉልበቷን ስለሚያማት መመለሻው አስጨንቆኛል።
ት.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ የሚከብዳቸው መመለሻው ሳይሆን መሄጃው ነው።

ትኬት ላይ የሚታተመው የየአገሩ ሰዓት ነው። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት (ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ እስከ መጋቢት መግቢያ 8 ይሆናል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚያዘዋውሩ)። ቸርችል ጎዳና ላይ ትኬት በምቆርጥበት ዘመን፣ በዕድሜ ለገፉ መንገደኞች ከታተመው ቁጥር ጎን በእስክሪብቶ የእኛን ሰዓት እጽፍላቸው ነበር። ለእናትዎም እንዲህ ይጻፉላቸው፦ 22:30 ማለት ማታ 4:30 ነው። ዋሽንግተን በ08:30 ሲያርፉ አዲስ አበባ ከቀኑ 9:30 ይሆናል። ስለዚህ ጉዞው 17 ሰዓት ነው። በመመለሻው ከዚያ 11:00 ሲነሱ እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ይገባሉ። 13 ሰዓት መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ትኬት ላይ 00:30 የሚል ካዩ ቀኑን ደግመው ያንብቡ። ሌሊት 6:30 ነው፤ ለእኛ ያለፈው ቀን ማታ የቀጠለ ይመስላል፣ በትኬቱ ግን አዲሱ ቀን ገብቷል። በዚህ ምክንያት በ24 ሰዓት ዘግይተው ቦሌ የደረሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሻንጣ ይዞ ከበር መመለስ ያሳዝናል።

ርቀቱ እንግዲህ ደርሶም መልስም ያው ነው፤ በአጭሩ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ። የ4 ሰዓቱ ልዩነት የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ ነዳጅ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ባለፉት ዓመታት ሮምም ደብሊንም ለዚህ አገልግለዋል። የዋሽንግተኑ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሞልቶ ተነስቶ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይደርሳል። ሁለተኛው ነፋስ ነው። አትላንቲክ ላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሲሄዱ ከፊት ይገፋቸዋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋላቸዋል።

ለጉልበታቸው የመተላለፊያው ዳር ወንበር ይያዙላቸው፤ በመስኮቱ በኩል ከተቀመጡ ጎረቤታቸውን ማስነሳት ይሉኝታ ይዟቸው ሳይነሱ ይውላሉ። ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፍ ከአውሮፕላኑ ላይወርዱ ስለሚችሉ፣ ውስጥ እየተነሱ ይራመዱ፣ ውኃም ይጠጡ። ዊልቸር ዛሬውኑ ያስመዝግቡላቸው፤ አይከፈልበትም። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም የእጅ ሰዓታቸውን እስኪደርሱ አይቀይሩት፤ በአዲስ አበባ ሰዓት እየቆጠሩ ይውሰዱ፣ ከደረሱ በኋላ እንዴት እንደሚቀጥሉ ደግሞ ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።