ዘጠኝ ቁጥር ለብሼ ለምን ወደ ኋላ እመለሳለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የስፖርት ገጽ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ከዚሁ ከጅማ ናቸው። የጻፏቸው ሰዎች አይተዋወቁም፤ ጥያቄያቸው ግን ወደ አንድ ሰው፣ ወደ ቀድሞው የሊቨርፑል አጥቂ ወደ ብራዚላዊው ሮቤርቶ ፊርሚኖ፣ ወሰደኝ። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሄርማታ ልጅ ነኝ። 17 ዓመቴ ነው። በሰፈራችን ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ነኝ። አሰልጣኛችን ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ ተመልሼ አማካያቸውን እንድጫን ያዘኛል። ኳስ ስናገኝ ደግሞ ከተከላካዮቹ መሀል ወጥቼ እንድቀበል ይፈልጋል። ዘንድሮ ጎሌ በጣም ቀነሰ። ጓደኞቼ “አጥቂ ጎል ካላገባ ምን ይሠራል?” እያሉ ያበሽቁኛል። አሰልጣኜ “ፊርሚኖን እይ” ይለኛል። የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፤ ግን እሱ ሲመጣ ገና ሕፃን ነበርኩ። ከብራዚል እንዴት ወጣ? እውነት ጎል ሳያገባ ነው ትልቅ የሆነው? ቦታዬን ልቀይር ወይስ ቡድኔን?»

መልስ

ልጄ፣ ቦታህንም ቡድንህንም አትቀይር። አሰልጣኝህ የሰጠህ ሥራ ከባድ ነው። ለማይችል ልጅ አይሰጥም።

ጓደኞችህ ለምን እንደሚያበሽቁህ ይገባኛል። በዚህች ከተማ የስፖርት መምህር ሆኜ ብዙ ዘጠኝ ቁጥሮች አሳልፌያለሁ። ሜዳችን ክረምት ላይ ጭቃ ነው። በጭቃ አጭር ቅብብል አይሄድም፤ ስለዚህ ኳሱ በረጅሙ ይላጋል፤ አጥቂው ፊት ቆሞ ይጠብቃል። ልጆቻችን አጥቂን የሚያውቁት እንዲህ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። በዚያ ላይ ጅማ ጎል አግቢ ትወዳለች። በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በገባበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ነበር። ያን ዓመት የሚያስታውስ የጅማ ሰው ሁሉ አጥቂን የሚመዝነው በኦኪኪ ነው። ተገቢም ነው። ግን ሌላም ዓይነት አጥቂ አለ።

ሮቤርቶ ፊርሚኖ በጥቅምት 1991 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በባሕር ዳርቻዋ ማሴዮ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። አባቱ መንገድ ላይ እየሸጠ ነው ያሳደገው፤ እሱም ልጅ ሆኖ አብሮት ይሸጥ ነበር። በከተማው ክለብ በሲአርቢ ወጣት ቡድን ሲጀምር አጥቂ አልነበረም። አማካይ ነበር፤ ያውም ከተከላካዮች ፊት የሚቆም። ይህን አስምርበት። ወደ ኋላ መመለስን አውሮፓ ሄዶ አልተማረውም። ከልጅነቱ ያውቀዋል።

ከዚያ በአገሩ ደቡብ ወዳለው ክለብ ወደ ፊጌሬንሴ ሄደ። ክለቡ ያኔ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ነበር። በ2010 ወደ ዋናው ሊግ ሲያድግ ፊርሚኖ ከቁልፍ ተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። በጥር 2011፣ በ19 ዓመቱ፣ የጀርመኑ ሆፈንሃይም ገዛው። ሆፈንሃይም መንደር ናት፤ ነዋሪዎቿ ሦስት ሺህ ገደማ ቢሆኑ ነው። ብዙ ብራዚላዊ ልጅ የሚያልመው ሚላንን ወይም ባርሴሎናን ነው። እሱ የሄደው ግን ተሰልፎ ወደሚጫወትበት ቦታ ነው። ለእኔ የሥራ ዘመኑ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው። ከሊቨርፑልም በላይ።

ጀርመንም ቀላል አልነበረችም። በ2012-13 ቡድኑ ሊወርድ ጫፍ ደርሶ ነበር። በሊጉ ለመቆየት ከካይዘርስላውተርን ጋር ሁለት ጨዋታ መጫወት ግድ ሆነበት። የመጀመሪያውን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ሁለቱን ያገባው ፊርሚኖ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በቡንደስሊጋው 16 ጎል አገባ። በ2015 ክረምት ሊቨርፑል 29 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ወሰደው።

አሁን ወደ አንተ ጥያቄ እመጣለሁ። ሊቨርፑል ሲደርስ ክንፍ ላይ ያጫውቱት ነበር፤ አልተመቸውም። አሰልጣኙ የርገን ክሎፕ በጥቅምት 2015 መጣና መሀል ላይ አደረገው። ፊርሚኖ እንደ ሌሎቹ ዘጠኝ ቁጥሮች ከተከላካዮቹ ጋር አይቆምም ነበር። ወደ አማካዮቹ ወረድ ይላል። ያኔ የተቃራኒው መሀል ተከላካይ ይጨነቃል። ተከትሎት ከወጣ ከጀርባው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የክንፍ አጥቂዎቹ ሳላህና ማኔ እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ይሮጣሉ። ካልተከተለው ደግሞ ፊርሚኖ ኳሱን ይዞ ዞር ይላል፤ ጊዜ አለው፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ያቀብላል። ሁለቱም ለተከላካዩ መጥፎ ነው። ኳስ ሲነጠቁ ደግሞ ለመጫን የመጀመሪያው እሱ ነው። ተከላካዩ ኳሱን ለማን እንደሚሰጥ ሳያስብ እሱ ደርሶበታል።

ጎልስ? በ2017-18 ሳላህ 44፣ ፊርሚኖ 27፣ ማኔ 20 አገቡ። ስለዚህ ጎል ሳያገባ ነው ትልቅ የሆነው የሚልህን አትስማው። በሊቨርፑል ቆይታው በ362 ጨዋታ 111 ጎል አለው። ግን የ2019-20ን ዓመት ልንገርህ፤ ለጓደኞችህም ንገራቸው። ሊቨርፑል ከ30 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ ያነሳበት ዓመት ነው። ፊርሚኖ በዚያ ዓመት በሊጉ ያገባው 9 ብቻ ነው። በሜዳቸው በአንፊልድ በሊጉ አንዲት ጎል ነው ያለችው፤ እሷም በመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ቼልሲን 5 ለ 3 ሲያሸንፉ የገባች ናት። ያን ሁሉ ወር ክሎፕ ከቋሚው አሰላለፍ ሊያወጣው አልፈለገም። ደጋፊውም ስሙን መዘመር አላቆመም። ቡድኑ ያለ እሱ እንደዚያ እንደማይጫወት ሁሉም ያውቅ ነበርና።

አንድ ነገር ግን ላሳስብህ። ወደ ኋላ መመለስ የሥራው ግማሽ ነው። ኳሱን ተቀብለህ ካቀበልክ በኋላ እዚያው ከቆምክ ጓደኞችህ ትክክል ናቸው። ፊርሚኖ ካቀበለ በኋላ እንደገና ይሮጣል፤ ሳጥን ውስጥ የሚደርሰው ዘግይቶ፣ ተከላካዩ ሲረሳው ነው። ጎልህ የቀነሰው ይህ ሁለተኛው ሩጫ ስለሌለህ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ለማረጋገጥ ጨዋታህን የሚያይ አንድ ታናሽ ወንድም ወይም ጓደኛ ፈልግ። ካቀበልክ በኋላ ስንት ጊዜ ወደ ሳጥኑ እንደገባህ ይቁጠርልህ። ቁጥሩን ለአሰልጣኝህ አሳየው። ቁም ነገረኛ አሰልጣኝ ከሆነ፣ ካነበብኩት ሁሉ እንደሚመስለኝ ነው፣ የቀረውን እሱ ያሠራሃል።

ጥያቄ

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፈው ከቆጪ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ አጥቂ ነው፤ ጎበዝ ነው ይላሉ። አንድ ሰው መጥቶ “አውሮፓ ለሙከራ እወስደዋለሁ” አለንና ለቪዛና ለፕሮሰስ ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። አባቱ ያለችንን የቡና መሬት አስይዘን እንበደር ይላል። ልጁ ደግሞ “ብራዚሎቹ በልጅነታቸው አይደል የሚወጡት?” ይለኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ

እህቴ፣ ገንዘቡን አይስጡ። መሬቱንም አያስይዙ። ይህን ሳልጠራጠር ነው የምነግርዎት።

የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደንብ አለው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር አይችልም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ከቀየሩ። የእናንተ ጉዳይ ከነዚህ ውስጥ አይገባም። ለልጅዎ ስለ ብራዚሎቹ እንዲህ ብለው ይንገሩት፦ ሪያል ማድሪድ ቪኒሺየስ ጁኒየርን ለመግዛት የተስማማው ልጁ ገና 16 ዓመቱ ሳለ ነው፤ ማድሪድ የገባው ግን 18 ሲሞላው፣ በ2018 ነው። ኤንድሪክም እንደዚሁ። በ2022 ተፈራረሙ፤ እስከ 2024 ክረምት ብራዚል ቆየ። የዓለም ሀብታም ክለብ የፈለጋቸው ልጆች እንኳ ጠብቀዋል። ከላይ የጻፍኩለት ፊርሚኖ 19 ዓመቱ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ። ፊርሚኖ ጀርመን ሲሄድ ሆፈንሃይም ለፊጌሬንሴ አራት ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ከፈለ። ክለብ ለክለብ ማለት ነው። እናትና አባቱ ለማንም አልከፈሉም። ተጫዋች የሚፈልግ ክለብ ገንዘብ ያወጣል፤ ከተጫዋቹ ቤት ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ግን ልጁን የፈለገ ክለብ የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፤ የልብዎን ፍርሃት ስለምረዳ። በ2009 ፊርሚኖ ለፈረንሳዩ ማርሴይ ሙከራ ተጠርቶ ነበር። ትልቅ ክለብ ነው፤ ጥሪውም እውነተኛ ነው። አውሮፕላኑ በማድሪድ በኩል ነበርና የስፔን ኢሚግሬሽን አላሳልፍ ብሎ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ብራዚል መለሰው። በኋላ ማርሴይ ደርሶ ቢሞከርም ዝውውሩ አልተሳካም። ከኋላው ክለብ ያለው ልጅ ይህ ከደረሰበት፣ ከኋላው ማንም የሌለው የ16 ዓመት ልጅ ማረፊያው ላይ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ያስቡት። ፊርሚኖ ተመልሶ ለክለቡ ተጫወተ። ሰኔ 1 ቀን 2019 በዚያችው ማድሪድ ቶተንሃምን 2 ለ 0 አሸንፈው የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ።

ሰውየው ተመልሶ ከመጣ እነዚህን ይጠይቁት። የፊፋ የወኪልነት ፈቃዱን ያሳያችሁ፤ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ስም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፣ የሠፈር ወጣት ከፍቶ ያይላችኋል። የክለቡን የጥሪ ደብዳቤ ይስጣችሁ፤ እናንተ ራሳችሁ ለክለቡ ጽፋችሁ ታረጋግጣላችሁ፣ እሱ በሰጣችሁ ስልክ ሳይሆን ክለቡ በድረ ገጹ ባወጣው አድራሻ። ደግሞ የልጁ ቡድንና ፌዴሬሽኑ ያውቁ ይሆን? በሕጋዊ መንገድ የሚዛወር ተጫዋች ወረቀቱ የሚሄደው በአገሩ ፌዴሬሽን በኩል ነው። «ለማንም እንዳትናገሩ» ካላችሁ በሩን ይዝጉበት።

ልጁን አይቆጡት። ሕልሙ ጥሩ ነው። ትምህርቱን ይጨርስ፣ ቡድኑ ውስጥ ይጫወት፤ ሁለት ዓመት ለአጥቂ ረጅም ጊዜ አይደለም። ባለቤትዎም ክፉ አስበው አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡት።

ጥያቄ

«ሰላም መምህር። ጅሬን አካባቢ ሕፃናት አሠለጥናለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ጨዋታ አሳያቸዋለሁ። አጥቂ እንዴት እንደሚጫወት የሚያስተምር ጨዋታ ጠቁሙኝ። ደግሞ ፊርሚኖ አሁን የት ነው?»

መልስ

ወንድሜ፣ በርታልኝ። ከመጨረሻው ልጀምር። በ2023 ሊቨርፑልን ለቅቆ ወደ ሳዑዲው አል አህሊ ሄደ። በመጀመሪያ ጨዋታው ሀትሪክ ሠራ፤ ሦስት ጎል ማለት ነው። ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ። በ2025 መጀመሪያ ክለቡ ሌላ የውጭ ተጫዋች ለማስመዝገብ ሲል ከአገር ውስጥ ሊጉ ዝርዝር አወጣው። ለእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ግን አስቀረው። በ33 ዓመቱ ለዚህ የሚከፋ ብዙ ነው። እሱ ግን በግንቦት 3 የፍጻሜ ጨዋታ የጃፓኑን ካዋሳኪን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለቱንም ኳሶች አቀበለ፤ የውድድሩም ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። ከነዚህ ጎሎች አንዱን ያገባው በሊጉ ዝርዝር ቦታውን የወሰደው ጋሌኖ ነው። በዚያው ክረምት ወደ ኳታሩ አል ሳድ ተዛወረ።

ለልጆቹ ያንን ፍጻሜ አሳያቸው። ሁለተኛ፣ በታኅሣሥ 29 ቀን 2018 አርሰናልን 5 ለ 1 ያሸነፉበት፤ ፊርሚኖ ሦስት አገባ፣ ሁለተኛዋ ተከላካዮቹን አልፎ ያገባት ናት። ሦስተኛ፣ በመስከረም 2018 የፈረንሳዩን ፒኤስጂን 3 ለ 2 ያሸነፉበት። ከሦስት ቀን በፊት ዓይኑን ተመትቶ ስለነበር ተቀያሪ ሆኖ ገባ፤ በጭማሪ ሰዓት ማሸነፊያዋን አገባና አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ደስታውን ገለጸ። ልጆቹ ይህችን ይወዷታል።

ሙሉውን አታሳያቸው፤ ይሰለቻሉ። ከአርሰናሉ ጨዋታ አሥራ አምስት ደቂቃ ምረጥ። ኳሱን አትከተሉ፣ ዘጠኝ ቁጥሩን ብቻ ተከተሉ በላቸው። ኳስ በሌለው ጊዜ ምን እንዳደረገ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ይናገር። ከዚያ ሜዳ ውጡና ያንኑ ነገር እየተቀያየሩ ይሞክሩት፤ ግብ ጠባቂውም ጭምር።