ዲስኩ በአንድ መንገድ፣ ቁልፉ በሌላ መንገድ

ሁለቱ ቢሮዎቻችሁ ተራርቀዋል፤ ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት አይነካቸውም። ፋይል እንዴት በሰላም እናመላልስ ብላችኋል። እኔ ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ነውና ያየሁትን ልንገራችሁ።

የራሳችሁን መስመር ለማስዘርጋት አቅሙ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ግን ዲስክ በሰው እጅ መላክን አትናቁ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 1 ቴራባይት ለመላክ 22 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዲስኩን ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል።

ችግሩ ዲስኩ መንገድ ላይ ሊጠፋ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ኢንክሪፕት አድርጉት፤ ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ ቆልፉት ማለቴ ነው። እኔ የምጠቀመው ቬራክሪፕት የሚባለውን ፕሮግራም ነው፤ በነጻ ይገኛል፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል።

ፓስወርዱ ግን በምንም ተአምር ከዲስኩ ጋር አይሂድ! አንድ ጊዜ ባልደረባዬ ዲስኩን በደንብ ቆልፎ፣ ፓስወርዱን በቢጫ ወረቀት ጽፎ እዚያው ላዩ ላይ ለጥፎ ላከልኝ። ፖስታውን ስከፍት ክው አልኩ። የደንበኞች መረጃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓስወርዱን ፊት ለፊት ስንገናኝ እንስማማበታለን። ካልሆነም ዲስኩ እጃቸው መግባቱን ካረጋገጥኩ በኋላ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።

ከመላካችሁ በፊት የፋይሉን ሻ-256 የሚባል መለያ አውጡ። የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት፤ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ሌላ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትዕዛዝ ያወጣላችኋል። ተቀባዩም በበኩሉ ያወጣና በስልክ እያነበባችሁ ታመሳክራላችሁ። ያሰለቻል፤ ግን አትዝለሉት። አንዴ መጠኑ ልክ የሆነ ፋይል አሻራው አልገጥም አለን። ለካ ፍላሹ ተበላሽቶ ኖሯል።

በነገራችን ላይ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት አድርጉት።

ኢንተርኔት የለንም ብላችሁ ቫይረስን አትዘንጉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረሰበት ስታክስኔት የሚባል ጎጂ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ወደተነጠሉ ኮምፒውተሮች የሚሻገረው በፍላሽ ነበር። የፍላሹን ፎልደር ከፍቶ ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር የማይገናኝ አንድ ኮምፒውተር ለፍተሻ ብቻ መድቡ። የመጣ ዲስክ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይሰካ። በዚሁ ዲስክ የግሉን ሙዚቃና ፎቶ የሚያመላልስ ሰው ካለ ዛሬውኑ አስቁሙት።

ዋናው ፋይል ደግሞ ላኪው ጋ ይቀመጥ። ተቀባዩ «አሻራው ገጥሟል» ብሎ እስኪደውል ድረስ ማንም እንዳያጠፋው።