መልስ፦ ፊርማ ብናሰባስብ «መፔት ቤቢስ» በዲቪዲ ይወጣልን?

ወንድሜ፣ ፊርማው አይከፋም፤ ችግሩ ግን የፈላጊ ማነስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በታየው በዚህ ካርቱን ሕፃኑ እንቁራሪት ከርሚትና ጓደኞቹ የክፍላቸውን በር ከፈት ሲያደርጉ ከበሩ ማዶ ድንገት የ«ስታር ዋርስ» መርከብ ሲበር ይታያል፤ ሥዕል ሳይሆን ከፊልሙ የተቆረጠ ትዕይንት። እንዲህ ያለው ቁራጭ ሁሉ ፈቃዱ የሚያስፈልግ ባለመብት አለው፤ የካርቱኑ ባለቤት ዲዝኒ የ«ስታር ዋርስ»ን ባለመብት ሉካስፊልምን እ.ኤ.አ. በ2012 ቢገዛም የሌሎቹ ፊልሞች ባለቤቶች ገና አሉ። ትዕይንቶቹ ተቆርጠው ይቅሩና ካርቱኑ በዲቪዲ ይታተም የሚሉ አሉ። እንደዚያማ ከሆነ ዲቪዲው ራሱ ቢቀር ይሻላል!

የሌላው የዲዝኒ ካርቱን የ«ጋርጎይልስ» ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የሁለተኛው ምዕራፍ ግማሽ እ.ኤ.አ. በ2005 በዲቪዲ ወጥቶ ቀሪው እስከ 2013 የቆየው ገበያው ስለ ቀዘቀዘ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ከሺህ ፊርማ ይልቅ የወጣውን ክፍል ገዝቶ መገኘት ይረዳል።